ከግጭቱ በኋላ፦ ለፖሊስ መቼና እንዴት እናሳውቅ?

የመንጃ ፈቃድ ሠልጣኞችን «ተጋጭታችሁ ብትቆሙ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ «ወርጄ ጉዳቱን አያለሁ፤ ቀላል ከሆነ እንስማማለን» ይላሉ። «ለፖሊስ እደውላለሁ» የሚል ሲገኝ ከኋላው የተቀመጠው ቶሎ ብሎ «ፖሊስ ከመጣማ ነገሩ ይረዝማል» ይለዋል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። መንገድ ላይ ሰዓታት መቆም አለ፣ ጣቢያ መመላለስ አለ፣ መኪና ታስሮ መሰንበት አለ። ነገር ግን ፖሊስ ሳያውቀው ታልፎ የቆየ አደጋ ከዚህ ሁሉ የከፋ ጣጣ ያመጣል። ጥፋት የሌለበትን አሽከርካሪ ነጻ የሚያወጣውም፣ ለተጎዳው ሰው ካሳ የሚያስገኝለትም ያው አንድ ወረቀት ነው፤ በአደጋው ቦታ የሚጀመረው የፖሊስ መዝገብ። ይህ ወረቀት በሌለበት ሁለቱም ወገኖች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ሰው ከተነካ ድርድር የለም

ሰው ከሞተ ወይም ከተጎዳ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም፣ ጥፋቱ የእግረኛው ነው ብላችሁ ብታምኑም፣ ተጎጂው «ተወው» ቢልም ያው ነው።

ብዙ አሽከርካሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አመሻሽ ላይ አንድ ሰው ዜብራ በሌለበት ሲሻገር የመኪናው ጎን ይነካውና ይወድቃል። አሽከርካሪው ደንግጦ ይወርዳል። ሰውየው ራሱ ይነሳል፣ ሱሪውን ያራግፋል፣ «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ዙሪያውን የቆመው ሰው «እግዜር አትርፎታል፤ ለሻይ ስጠውና ሂድ» ይላል። አሽከርካሪው ጥቂት ብር ሰጥቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። ስም አልተለዋወጡም፣ ስልክ አልተለዋወጡም።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ግን ለተወሰኑ ሰዓታት ደህና ሆኖ ሊናገርና ሊራመድ ይችላል። ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቀስ እያለ እየፈሰሰ ከሆነ ምልክቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከዚያም ራስን መሳት። ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደምም እንደዚሁ ከውጭ አይታይም። ያ ሰው ሌሊቱን ሆስፒታል ቢገባ ቤተሰቡ የሚያውቀው «መኪና ገጭቶት ሄደ» የሚለውን ብቻ ነው። አንድ መንገደኛ ታርጋውን ይዞ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ በማግሥቱ የሚፈልገው ገጭቶ ያመለጠ አሽከርካሪ ነው። ለሻይ የተሰጠው ብር ያኔ ለአሽከርካሪው አይመሰክርለትም፤ ጥፋቱን አውቆ ሊያድበሰብስ እንደሞከረ ይቆጠርበታል።

ሕጉም ይህን ቀላል አድርጎ አያየውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ አሽከርካሪው ግልጽ የሆነ ደንብ አውቆ ከጣሰ ወይም ጠጥቶ ካሽከረከረ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። አንቀጽ 575 ደግሞ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ሳይረዳ የቀረን ሰው ይጠይቃል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ የተነካው ሰው «ደህና ነኝ» ቢላችሁም አትለዩት። ለፖሊስ ደውሉ፣ ጤና ተቋም አድርሱት፣ የታየበትን ወረቀት ያዙ። እምቢ ብሎ ቢሄድ እንኳ እናንተው ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ገጭቶ አመለጠ የሚል ክስ ቢመጣ የምታቀርቡት ይህንኑ ምዝገባ ነው።

በሽማግሌ መታረቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ያጽናናል፣ ቂም ያጠፋል፣ ፍርድ ቤትም ቅጣት ሲያቀል ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ሰው በሞተበት አደጋ ዕርቅ የወንጀል ክሱን አያስቀርም። ዕርቁ ከፖሊስ መዝገብ ጎን ለጎን ይሂድ እንጂ በመዝገቡ ቦታ አይግባ።

በስምምነት የሚያልቀው የትኛው ነው?

ማንም ሳይጎዳ ስፖኪዮ ቢሰበር፣ ፓራውልት ቢጫር፣ ፍሬቻ ቢረግፍ ሁለት አሽከርካሪዎች ተስማምተው መለያየት ይችላሉ። መንገድ ዘግቶ ለአንድ ጭረት መከራከር ለማንም አይበጅም። ስምምነቱ ግን በወረቀት ይሁን። ቀኑና ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሁለቱም ስም፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና ታርጋ፣ ምን እንደተጎዳ፣ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ ፊርማ፣ ቢቻል ሁለት ምስክር። «ጋራዥ ወስደህ አሳየኝና እከፍላለሁ» የሚል የቃል ተስፋ ለስልክ ማጥፋት የተመቸ ነው።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ስምምነቱን ተዉትና ለፖሊስ ንገሩ፦ ሌላኛው አሽከርካሪ ጠጥቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም የሦስተኛ ወገን መድን ከሌለው፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ካልተማመናችሁ፣ ወይም ወጪውን ከኢንሹራንስ ለመጠየቅ ካሰባችሁ። የመብራት ምሰሶ፣ የመንገድ ዳር ብረት፣ የትራፊክ መብራት የመሰለ የሕዝብ ንብረት ከተገጨም በዝምታ መሄድ አይቻልም። ባለቤቱ የሌለበትን የቆመ መኪና የገጨ ሰውም ስሙንና ስልኩን ጽፎ መስተዋቱ ላይ ያኑር፣ ለጣቢያም ያሳውቅ።

ከብት ወይም አህያ ሲገጭም ብዙው ሰው ከባለቤቱ ጋር ተከራክሮ ከፍሎ ይሄዳል። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕጉ የእንስሳ ባለቤትም እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መንገድ ላይ የተለቀቀ ከብት መኪናችሁን ከጎዳው ከፋይ ሳትሆኑ ተከፋይ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ይህ የሚታወቀው ግን ፖሊስ ቦታውን ሲያየው ነው።

ማስረጃ ከሌለ ግማሽ በግማሽ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ይህ ማለት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ አንዱ፣ ግማሹን ሌላው ይሸከማል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት ብቻ ወይም በዋናነት በእሱ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው።

ይህን ድንጋጌ በደንብ ልብ በሉት። ቀይ መብራት ጥሶ የመታችሁ ሰው እንኳ ቢሆን፣ መጣሱ ካልተረጋገጠ የእሱን መኪና ማሠሪያ ጭምር ትካፈላላችሁ። «እውነቱ እኔ ጋ ነው» ማለት አይበቃም። እውነቱ ያለው አስፋልቱ ላይ ነው፤ የጎማው አቋም፣ የፍሬን ምልክቱ፣ የረገፈው መስታወት ያረፈበት ቦታ። ያ ሁሉ ደግሞ መኪኖቹ እንደተነሱና ትራፊኩ እንደተለቀቀ ይጠፋል።

ስልኩ ላይ ምን ይባላል?

በአዲስ አበባ የፖሊስ መስመር 991 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር 939። ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ቀጥሎ ፖሊስ፤ አብሯችሁ ሌላ ሰው ካለ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ደውሉ። መኪና ውስጥ ተጣብቆ መውጣት ያቃተው ሰው ካለ ወይም ነዳጅ ከፈሰሰ 939ን አትርሱ።

ደንግጦ የሚደውል ሰው «ኧረ ቶሎ ድረሱ፣ ሰው ሞተ!» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። የት እንደሆነ አልተናገረም። አንድ ትንፋሽ ወስዳችሁ ከቦታው ጀምሩ፦ «ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ ላይ ነን፣ ወደ ሃያ ሁለት በሚሄደው በኩል። ሚኒባስና ሞተር ተጋጭተዋል። ሞተረኛው እግሩ ተሰብሯል፣ ይናገራል፤ ሌላ የተጎዳ የለም። አንዱ መሥመር ተዘግቷል። ስሜ እገሌ ነው፣ በዚሁ ስልክ ታገኙኛላችሁ።» አቅጣጫውን መንገር ትልቅ ነገር ነው፤ መሐሉ በአጥር የተከፈለ መንገድ ላይ በተቃራኒው በኩል የመጣ አምቡላንስ ዞሮ እስኪመለስ ብዙ ደቂቃ ይባክናል። በአቅራቢያው የሚታወቅ ነገር ጥሩ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ባንክ። ከከተማ ውጭ ከሆናችሁ ያለፋችሁትን ከተማና ከዚያ ወዲህ የነዳችሁትን ርቀት ንገሩ። የሚቀበላችሁ ሰው ጨርሻለሁ ሳይል ስልኩን አትዝጉ።

ፖሊስ እስኪመጣ

መኪናውን በቆመበት ተዉት። ሞተር አጥፉ፣ የፍሬቻ መብራቶቹን ሁሉንም አብሩ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ በበቂ ርቀት አኑሩ። በገጠር መንገድ ላይ ቅጠልና ድንጋይ መደርደር የቆየ ልማዳችን ነው፤ ደግ ነገር ነው፣ ነገር ግን ድንጋዩን ሳያነሱ መሄድ ሌሊት ለሚመጣው ሌላ አደጋ ይሆናል። በአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ከሆነ ሁሉም ሰው ከመኪና ወርዶ ከብረት አጥሩ ውጭ ይቁም።

የተጎዳውን ሰው አንገቱን አታጣምሙት፣ ሄልሜት ካደረገ አታውልቁበት፣ ውሃ አታጠጡት። የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ። አምቡላንስ ዘግይቶ በሌላ መኪና መውሰድ ግድ ከሆነ ግን ማስረጃ ይጠፋል ብላችሁ ሕይወት አታሳልፉ። የራሳችሁን መኪና ከማንሳታችሁ በፊት ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሱ፣ የአራቱን ጎማ ቦታ በጠመኔ ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ አንድ ሰው ቦታው ላይ ተዉ፣ ከሆስፒታል ሆናችሁም ለፖሊስ ደውሉ። የጤና ተቋሙ ቅድሚያ ክፍያ ብሎ የሚያቆማችሁ ከሆነ በ2005 ዓ.ም. የወጣውን የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ጥቀሱ። አዋጁ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያስገድዳል፤ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር።

ፎቶ ስታነሱ ሁለት ዓይነት አንሱ። አንዱ ከሩቅ፣ መንገዱን፣ ምልክቱን፣ የሁለቱን መኪኖች አቋም የሚያሳይ። ሌላው ከቅርብ፣ የተመታውን ቦታ፣ ታርጋውን፣ የፍሬን ምልክቱን። የተጎዳን ሰው ፊት ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ግን ነውር ነው፤ እናቱ ዜናውን ከእናንተ ስልክ መስማት የለባትም።

ፕላን ሲነሳ

ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ የሚያደርገው ዋናው ሥራ ፕላን ማንሳት ነው። በጠመኔ ጎማዎቹ ያሉበትን ያሰምራል፣ በሜትር ከአስፋልቱ ጠርዝና ከአንድ የማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከመብራት ምሰሶ፣ እስከ ጎማው ያለውን ይለካል። የፍሬን ምልክቱን ርዝመት፣ የመንገዱን ስፋት፣ የተጋጩበትን ነጥብ፣ መስታወትና ደም ያለበትን ቦታ በወረቀት ላይ ይሥላል። ይህ ሥዕል ወራት ቆይቶ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ያኔ መኪኖቹም አስፋልቱም እንደነበሩ አይገኙም።

እንግዲህ «ፈርም» ሲሏችሁ ለመገላገል ብላችሁ ብቻ አትፈርሙ። ወረቀቱን ያዙና እዩት። የተጋጩበት ነጥብ በእናንተ መሥመር ነው ወይስ በሌላው? እናንተ ስትመጡበት የነበረው አቅጣጫ በትክክል ተመልክቷል? የፍሬን ምልክቱ ተሥሏል? የተዛባ ነገር ካለ በትሕትና እዚያው አመልክቱ፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ዋጋው ይቀንሳል። የፖሊሱን ስምና ጉዳዩ የሚመራበትን ጣቢያ መዝግቡ።

ቃል ስትሰጡ

ያያችሁትን ተናገሩ፣ ያላያችሁትን አትገምቱ። ፍጥነታችሁን ሳታረጋግጡ ቁጥር አትጥሩ። «ከየት እንደመጣ አላየሁም» እውነት ከሆነ እንዲሁ ይጻፍ። ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ካለ ፖሊስ አሽከርካሪውን ሊይዝ፣ መኪናውንም ለቴክኒክ ምርመራ ሊያቆም ይችላል። ይህ ሲሆን መብታችሁን እወቁ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ያለመናገር መብት ሊከበርለት፣ ለጉዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ ውጭ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል።

አንድ ክፉ ልማድ ሳልጠቅስ አላልፍም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ወይም ረዳት ይገጭና ባለቤቱ «እኔ ነበርኩ የማሽከረክረው» ብሎ ይቀርባል። ዘመድ ለማዳን ይመስላል፤ ነገር ግን ለፍትሕ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ሲገለጥም ኢንሹራንሱ ከክፍያ ይሸሻል፣ ሁለቱም ተከሳሽ ይሆናሉ። በዙሪያ ቆማችሁ ያያችሁ ደግሞ «ምስክር ብሆን እጎተታለሁ» ብላችሁ አትሽሹ። ስማችሁንና ስልካችሁን ለፖሊሱ ስጡ። የእናንተ አንድ ቃል የአንድ አባት እሥራት ወይም የወላጅ አልባ ልጆች ካሳ ሊወስን ይችላል።

ሕዝቡ ቢቆጣስ?

በተለይ ሕፃን በተገጨበት ቦታ ሰው በሐዘን ይነሳል፤ አሽከርካሪ ሊደበደብ፣ መኪና ሊቃጠል ይችላል። ሕይወታችሁ በእውነት አደጋ ላይ ከሆነ ቦታውን ልቀቁ፤ የምትሄዱት ግን በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ወደ ቤት፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ ጠበቃ መጀመሪያ አይደለም። በመንገድ ላይ ሳላችሁም 991 ደውሉ፣ የተጎዳ ሰው እንዳለ ተናገሩ። እጁን ለፖሊስ የሰጠን አሽከርካሪ ካመለጠው የሚለየው የደወለበትና የደረሰበት ሰዓት ነው።

ለኢንሹራንስ

የንግድ ሕጉ ለመድን ሰጪው የሚያሳውቁበትን ጊዜ ቢበዛ አምስት ቀን ያደርገዋል፤ ውላችሁ ሌላ ነገር ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል አንብቡት። የፖሊስ ማስረጃ፣ የመንጃ ፈቃድና የሊብሬ ቅጂ ይጠየቃሉ። ኩባንያው ሳያየው መኪናውን ጋራዥ አስገብታችሁ አታስበትኑ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብላችሁም በጽሑፍ አትፈርሙ፤ ብዙ ውሎች ይህን ይከለክላሉ።

የገጨው ካመለጠ

ታርጋ ስትይዙ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። በነባሩ ሰሌዳችን አንድ ዓይነት ቁጥር በተለያየ ኮድና በተለያየ ክልል ይገኛል። ኮዱን ያዙ፤ ካልታያችሁ ቀለሙን፦ ቀዩ ኮድ 1 የታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት። ከዚያ «አአ» ይሁን «ኦሮ» ወይም «አማ» የክልሉን ፊደል፣ በመጨረሻ ቁጥሩን። ሙሉውን ባትይዙም ያያችሁትን ያህል ከመኪናው ዓይነትና ቀለም ጋር ወዲያው ለፖሊስ ንገሩ። በአካባቢው ካሜራ ያለው ሱቅ ወይም ባንክ ካለ ለመርማሪው ጠቁሙ፤ ቀረጻው በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

የገጨው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ የተጎጂው ቤተሰብ ተስፋ አይቁረጥ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 እንዲህ ላሉ የሞትና የአካል ጉዳቶች ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ለዚህም የፖሊስ ማስረጃና የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐዘኑ ሳይወጣም ቢሆን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጣቢያ ሄዶ የመዝገቡን ቁጥር ይያዝ፣ የሪፖርቱን ቅጂ ይጠይቅ፣ የመድኃኒትና የሕክምና ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጥ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በመርህ ደረጃ ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቀረበ ክስ በይርጋ ሊታገድ ይችላል።